ስድስት ስፒከር ተገናኝቶ ሁለቱ ብቻ ለምን ይሰማሉ? ፕሌይስቴሽንን ከአምፕሊፋየር ጋር ስለማገናኘት የተደረገ ውይይት

የክሩ መክፈቻ (ክር ማለት በኢንተርኔት መድረክ ላይ የቀረበ ጥያቄና ከስሩ የተጻፉት ምላሾች ናቸው)። ጥያቄውን ያነሣው ጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወጣት ነው። ወንድሙ ከሜሪላንድ ሲመጣ አንድ አምፕሊፋየር፣ አምስት ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) ይዞለት መጥቷል፤ ዕቃው ያገለገለ ቢሆንም ንጹሕ ነው። ጠያቂው ፕሌይስቴሽን 4 ስሊምና ባለ43 ኢንች ቴሌቪዥን አለው። ፕሌይስቴሽኑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘ፤ ከቴሌቪዥኑ ደግሞ ድምፅን በብርሃን በሚያሳልፈው በኦፕቲካል ገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ ሄደ። ድምፅ ወጣ፤ ግን ከፊት ካሉት ከግራና ከቀኝ ስፒከሮች ብቻ። መካከለኛውም የኋላዎቹም ዝም አሉ። ከዚህ ተነሥቶ ወይ አምፕሊፋየሩ በጉዞ ላይ ተጎድቷል፣ ወይ ፕሌይስቴሽን 4 የ5.1 ድምፅ (ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሳብዉፈር ተለይቶ የሚሄድ ድምፅ) አያወጣም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ስለዚህ ሁሉንም ሸጦ ፕሌይስቴሽን 5 ቢገዛ ይሻል እንደሆነ መድረኩን ጠየቀ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። መልኩን እየለዋወጠ ይመላለሳል፤ አንዴ በፕሌይስቴሽን፣ አንዴ በኤክስቦክስ፣ አንዴ በስዊች። ሰው ደህና ዕቃውን በርካሽ ሸጦ አዲስ ሲገዛ፣ አዲሱም ያው ከሁለት ስፒከር ብቻ ሲናገርለት ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው፣ የሚበጀውን ከማይበጀው ለይቼ አቀርባለሁ።

1. የመጀመሪያው መላሽ ከሰላምታ በኋላ፣ ጠያቂው ምንም ነገር ከመሸጡ በፊት አምፕሊፋየሩን ብቻውን እንዲፈትሽ መከረ። አብዛኞቹ አምፕሊፋየሮች የመፈተሻ ድምፅ አላቸው፤ በሪሞቱ ሲከፈት ሹ የሚል ድምፅ ከግራው ስፒከር ይጀምርና ወደ መካከለኛው፣ ወደ ቀኙ፣ ከዚያም ወደ ኋላዎቹ በየተራ ይዞራል። ከሁሉም ከተሰማ አምፕሊፋየሩም፣ ስፒከሮቹም፣ የስፒከር ገመዶቹም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ያለው ድምፁ ወደ አምፕሊፋየሩ ከመድረሱ በፊት ነው። አጭርና ጨዋ ምላሽ ነው። የክሩ መሠረት የተጣለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ በኋላ የተጻፈው ሁሉ የሚረዳው ይህን ፈተና ላደረገ ሰው ብቻ ነው።

2. ቀጥለው የጻፉት ለረጅም ዘመን ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ አዛውንት ናቸው፤ መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ስለ ስፒከሮቹ አንድም ነገር አላነሡም። የጠየቁት አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ስንት ቮልት እንደተጻፈና ዕቃው የት እንደተሰካ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ አምፕሊፋየር በአብዛኛው የሚቀበለው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ብቻ ነው፤ የእኛ ሶኬት ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ስለሚጻፍ፣ ሰው ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ሁሉ እንደዚያ ይመስለዋል ሲሉ አስጠነቀቁ። የሶኬት መለወጫ እግሩን እንጂ ቮልቱን እንደማይለውጥ፣ ለፀጉር ማድረቂያ ተብለው የሚሸጡት ቀላል መለወጫዎችም ለአምፕሊፋየር እንደማይሆኑ አስረዱ። የሚያስፈልገው በውስጡ ብረትና የመዳብ ጥምጥም ያለው፣ ሲያነሡት የሚከብድ ትራንስፎርመር ነው፤ አቅሙም አምፕሊፋየሩ ላይ ከተጻፈው ዋት ከፍ ማለት አለበት።

3. ጠያቂው በዚያው ምሽት ተመለሰ። ጋሼን አመስግኖ፣ ወንድሙ ትራንስፎርመሩንም አብሮ እንዳመጣና አምፕሊፋየሩ በእሱ በኩል እንደተሰካ ገለጸ። የመፈተሻውን ድምፅ ከፍቶ ከአምስቱም ስፒከሮች በየተራ ሰምቷል። ሳብዉፈሩ ግን ገና አልተሰካም፤ ትራንስፎርመሩ አንድ ቀዳዳ ብቻ ስላለው ሳብዉፈሩን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ባለው ዲቫይደር ላይ ሊሰካው አስቧል።

4. ይህኛው ምላሽ ሁለት መስመር እንኳን አይሞላም። ሳብዉፈሩ የራሱ አምፕሊፋየር በውስጡ እንዳለው፣ እሱም የአሜሪካ ዕቃ ከሆነ ግድግዳ ላይ በተሰካበት ቅጽበት እንደሚቃጠል ገልጾ፣ እጁን እንዲሰበስብ አዘዘው። ቃሉ ቁጣ አለበት፤ ግን አንድ ሳብዉፈር አድኗል።

5. ከሐዋሳ የጻፈው ሰው ደግሞ እሱ ዘንድ የደረሰውን ነገረ። አምፕሊፋየሩን በትራንስፎርመር ሰክቶ፣ ሳብዉፈሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካው። ድምፅ ሳይሰማ ሽታው ቀደመ። ፊውዙን ቢቀይርለትም እንደገና ፈነዳ፤ ጎረቤቱ የነበረ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በፊውዙ ፋንታ ሽቦ እንዲያስር ሲመክረው እሺ አለና ጥምጥሙ ጭርሱኑ ነደደ። ጋሼ ከስሩ ገብተው፣ ፊውዝ የሚቃጠለው ሌላው እንዳይቃጠል መሆኑንና በፊውዝ ቦታ ሽቦ ማሰር ቤት እስከ ማቃጠል እንደሚደርስ በጠንካራ ቃል ጻፉ። እኔም ይህን ደግሜ ማለት እፈልጋለሁ፤ በየሰፈሩ የሚደረግ ነገር ነውና።

6, 7 እና 8. እዚህ ላይ ክሩ ወደ ጥያቄው ተመለሰ፤ አመላለሱ ግን መልካም አልነበረም። ስድስተኛው መላሽ በአምፕሊፋየሩ ሪሞት ላይ ድምፁን በሁሉም ስፒከር የሚያስወጣ ቁልፍ እንዳለ፣ እሱን በመጫን ብቻ ችግሩ እንደሚያልቅ ነገረው። ሰባተኛው ግን ይህን ምክር አልታገሠም። ያ ቁልፍ የሚያደርገው የግራውንና የቀኙን ድምፅ ወደ ኋላ መገልበጥ ብቻ እንደሆነ፣ በጨዋታ ውስጥ ከኋላ የሚመጣ ሰው የእግር ኮቴ ከፊትም ከኋላም እኩል እንደሚሰማ፣ ይህን መፍትሔ ብሎ መንገር ጠያቂውን ማታለል እንደሆነ ጻፈ። ስድስተኛው ተከፋ። ቤት ውስጥ ሰርግና ልደት ሲኖር ሙዚቃው በሁሉም ማዕዘን እንዲሰማ በዚያ ቁልፍ ሲጠቀም እንደኖረና ማንም ቅር እንዳላለው መለሰ። ለሰርግ ሙዚቃ ስድስተኛው ልክ ነው። ለዚህ ጥያቄ ግን እውነቱ ከሰባተኛው ጋር ነው፤ ያን ያህል መቆጣት ባያስፈልገውም።

9. ዋናው መልስ የመጣው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። መላሹ በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳ። ፕሌይስቴሽኑ በኤችዲኤምአይ ሲሰካ ከፊቱ ያለውን ዕቃ ምን ዓይነት ድምፅ መቀበል እንደሚችል ይጠይቀዋል። ከፊቱ ያለው ቴሌቪዥኑ ነው። ቴሌቪዥኑ በውስጡ ያሉት ስፒከሮች ሁለት ስለሆኑ፣ ያልታመቀ (መጠኑ ያልተቀነሰ) ድምፅ ሲሆን ሁለት መስመር፣ ማለትም ለሁለት ስፒከር የሚሆን ድምፅ ብቻ እንደሚቀበል ይመልሳል። ፕሌይስቴሽኑም የጨዋታውን ስድስት መስመር ወደ ሁለት አጣጥፎ ይልክለታል። ከኋላ አምስት ስፒከርና ሳብዉፈር የታጠቀ አምፕሊፋየር እንዳለ ፕሌይስቴሽኑ በምን ያውቃል? ወደ አምፕሊፋየሩ የሚደርሰው ቀድሞውኑ ሁለት የሆነ ድምፅ ነው።

መድኃኒቱን ደግሞ በመስመር በመስመሩ ጻፈለት። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ «ሴቲንግስ» ተከፍቶ ወደ «ሳውንድ ኤንድ ስክሪን»፣ ከዚያ ወደ «ኦዲዮ አውትፑት ሴቲንግስ» ይገባል። በዚያ ውስጥ «ኦዲዮ ፎርማት» የሚለው ሲመጣ «ሊኒየር ፒሲኤም» (ያልታመቀ ድምፅ ማለት ነው) ተመርጦ ይገኛል፤ እሱን ወደ «ቢትስትሪም ዶልቢ» መቀየር ነው። ያን ጊዜ ፕሌይስቴሽኑ ስድስቱን መስመር በዶልቢ ዲጂታል አምቆ አንድ ጥቅል አድርጎ ይልካል። ቀጥሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ገብቶ፣ የዲጂታል ድምፅ መውጫው «ፒሲኤም» ላይ ከሆነ ወደ «ቢትስትሪም» ወይም «ፓስ ትሩ» ማዞር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ቴሌቪዥኑ ጥቅሉን ፈትቶ እንደገና ሁለት ያደርገዋል። ከዶልቢ ይልቅ ሌላውን የማመቂያ ዓይነት ዲቲኤስን መምረጥም ይቻላል፤ ነገር ግን አንዳንድ አምራቾች ዲቲኤስን ከቴሌቪዥኖቻቸው ስላወጡት በቴሌቪዥን በኩል ለሚያልፍ ሰው ዶልቢ ይሻላል። ሥራው መከናወኑን የሚያሳየው የአምፕሊፋየሩ መስኮት ነው፤ እዚያ ላይ ዶልቢ ዲጂታል የሚል ጽሑፍ ካልበራ ከሁለቱ ማስተካከያዎች አንዱ ቀርቷል ማለት ነው።

ይህን ምላሽ በጣም እወደዋለሁ። ስለ ዕቃ ዋጋና ስለ አምራች ስም ምንም አላለም፤ ድምፁ ከተነሣበት ተነሥቶ የት ላይ እንደተቆረጠ በጣት አሳየ።

10. አሥረኛው ዘጠነኛውን አመሰገነና አረመው። ምክሩ ትክክል ቢሆንም የተሻለ መንገድ አለ፤ ፕሌይስቴሽኑን መጀመሪያ ከአምፕሊፋየሩ የኤችዲኤምአይ መግቢያ፣ ከአምፕሊፋየሩ መውጫ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ጋር ማገናኘት። ያን ጊዜ ፕሌይስቴሽኑ የሚጠይቀው አምፕሊፋየሩን ነው፤ አምፕሊፋየሩም ስድስት መስመር ሳይታመቅ እንደሚቀበል ይመልሳል። «ሊኒየር ፒሲኤም» እንዳለ ሊቆይ ይችላል ማለት ነው። የድምፁን ጥራት የሚቀንስ መታመቅ የለም፤ የቴሌቪዥኑም መዘግየት የለም።

11. ጠያቂው አራት የኤችዲኤምአይ መግቢያና አንድ መውጫ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ እንዳሉ ገለጸ። እስካሁን ያልተጠቀመባቸው፣ ገመድ የሸጠለት ሰው ድምፅ የሚሄደው በኦፕቲካል ብቻ እንደሆነ ስለነገረው ነው።

12. እዚህ ላይ አንድ ጥንቁቅ ሰው ገባ። አምፕሊፋየሩ ከ2015 በፊት የተሠራ ከሆነ ኤችዲአር የሚባለውን፣ ብርሃንና ጥላን አጉልቶ የሚያሳይ የሥዕል ዓይነት ላያሳልፍ እንደሚችል፣ ፕሌይስቴሽን 4 ስሊምም ኤችዲአር ስለሚያወጣ ድምፁን ሲያገኝ ያን የሥዕል ዓይነት ሊያጣ እንደሚችል አሳሰበ። ቴሌቪዥኑ ራሱ ኤችዲአር ከሌለው ግን የሚጠፋ ነገር የለም። በዚያውም ፕሌይስቴሽን 4 ስሊም የኦፕቲካል መውጫ እንደሌለው አስታወሰ፤ በ2013 የወጣው የመጀመሪያውና በ2016 የወጣው ፕሮ አላቸው። ከእነዚህ አንዱ ያለው ሰው ሥዕሉን በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥን፣ ድምፁን በኦፕቲካል በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየር መላክ ይችላል፤ ኤችዲአርም አይጠፋበትም፣ ቴሌቪዥኑም ድምፁን አይነካውም።

13. ከነታንያ፣ እስራኤል የጻፈችው እህት የዘጠነኛውን ምክር በኒንቴንዶ ስዊች ላይ ሞክራ አልሆነላትም። በስዊቹ ማስተካከያ ውስጥ ዶልቢ የሚል ነገር አላገኘችም፤ ያለው የቴሌቪዥን ድምፅን «ሰራውንድ» ማድረግ ብቻ ነው። እሱን አድርጋ በቴሌቪዥኗ ኦፕቲካል መውጫ በኩል ብትሄድም የሚወጣው ሁለት መስመር ነው። ስዊቿ የተበላሸ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀች።

14. መልሱ የተሰጣት በቁጥር ነው፤ በክሩ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ያስተማረም ይህ ይመስለኛል። ስዊች 5.1 የሚያወጣው ሳይታመቅ ብቻ ነው፤ ድምፁን በዶልቢ አያምቅም። አንድ መስመር ድምፅ በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየተለካ እያንዳንዱ ልክ በ16 ቢት ቢጻፍ፣ ሁለት መስመር በሰከንድ 1,536,000 ቢት ገደማ ይሆናል፤ ስድስት መስመር 4,608,000 ቢት ነው። ቶሺባ በ1983 ያወጣው የኦፕቲካል ማገናኛ የታሰበው ለሁለት መስመር ያልታመቀ ድምፅ ነው። ዶልቢ ዲጂታል በዚያ ገመድ የሚያልፈው ስድስቱን መስመር ቢበዛ በሰከንድ 640,000 ቢት ውስጥ ስለሚያጭቅ ነው። የስዊች ድምፅ ግን ታምቆ አልመጣም፤ ስለዚህ አይገባም። በ2009 በኤችዲኤምአይ 1.4 የመጣው ኤአርሲም (ድምፅን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚመልሰው) ያው ጠባብ ነው። ያለው መንገድ ስዊቹን በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ማገናኘት፣ ወይም ቴሌቪዥኑም አምፕሊፋየሩም በ2017 ከኤችዲኤምአይ 2.1 ጋር የመጣው፣ ከኤአርሲ የሚሰፋው ኢአርሲ ያላቸው ከሆነ በእሱ መላክ ነው። ስዊቿ ምንም አልሆነም።

15. ከዱባይ የጻፈች ሴት ፕሌይስቴሽን 5 እና ሳውንድባር እንዳላት፣ ሳውንድባሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር በብሉቱዝ እንዳገናኘችው ነገረች። ልጆቿ የእግር ኳስ ጨዋታ ሲጫወቱ ኳሱ መረብ ውስጥ ገብቶ ካበቃ በኋላ ነው የምቱ ድምፅ የሚመጣው። አንድ ሰው ከስሯ ገብቶ፣ ብሉቱዝ ድምፁን አምቆ፣ አጠራቅሞና ፈትቶ ስለሚያወጣ መዘግየቱ የሚጠበቅ እንደሆነ፣ ለፊልም ቴሌቪዥኑ ሥዕሉንም በማዘግየት ሊያስተካክለው ቢችልም ለጨዋታ እንደማይሆን አስረዳት። ሳውንድባሩን በኤችዲኤምአይ ገመድ ኤአርሲ ወይም ኢአርሲ በሚል ቀዳዳ እንድታገናኝ፣ ቴሌቪዥኑንም ወደ ጨዋታ ሁኔታ እንድታዞረው መከራት። በማግስቱ መስተካከሉን አሳወቀች። አክላም ወደ አገር ቤት ዕቃ መላክ የሚፈልግ ሰው ከአሜሪካ ይልቅ ከዱባይ ቢገዛ ቮልቱ ከኢትዮጵያ ጋር እንደሚስማማ፣ የሚለየው የሶኬቱ እግር ብቻ እንደሆነ አስገነዘበች። ጠቃሚ ሐሳብ ነው፤ አምፕሊፋየር ለወንድም ለመላክ ያሰበ ሁሉ ቢያነበው እወዳለሁ።

16. ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰው በዚህ አልተስማማም። አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ደህና አምፕሊፋየር በጣም ርካሽ እንደሚገኝ፣ የትራንስፎርመር ዋጋ ተጨምሮበትም እንደሚያዋጣ ተከራከረ። በዚያው የራሱን አነሣ፤ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ አለው፤ አምፕሊፋየሩ ግን አሮጌ ስለሆነ 4ኬ ሥዕል በሰከንድ 120 ጊዜ አያሳልፍለትም። በ2020 መጨረሻ አዲስ የወጡ አንዳንድ አምፕሊፋየሮችም ኤችዲኤምአይ 2.1 ተብለው ተሸጠው ይህንኑ ሥዕል ከኤክስቦክሱ ማሳለፍ እንዳቃታቸው አስታወሰ። እሱ ኤክስቦክሱን በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ሰክቶ ድምፁን በኤአርሲ ወደ አምፕሊፋየሩ ይመልሳል። ከአሥረኛው ምክር ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ አይጋጭም። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ የሚጠፋ ሥዕል ስለሌለ ወይም ትንሽ ስለሆነ አምፕሊፋየሩ ይቀድማል፤ በአዲሶቹ ላይ ሥዕሉ ከአሮጌ አምፕሊፋየር ስለሚበልጥ ቴሌቪዥኑ ይቀድማል።

ከ17 እስከ 20። የኤክስቦክስ ስም በመነሣቱ ውይይቱ ወደ ጠብ አመራ። አንዱ ፕሌይስቴሽን 5 ዶልቢ አትሞስ (ከጣሪያ በኩል የሚመጣ ድምፅን የሚጨምረው) እንደሌለው፣ የገዛው ሁሉ እንደተሞኘ ጻፈ። ሌላው ይህ አሮጌ ወሬ መሆኑን አሳየ፤ ኤክስቦክስ ለጨዋታ አትሞስ ያገኘው በ2017 ሲሆን ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ በ2020 ሳይኖረው ወጥቶ በ2023 በተለቀቀ ማሻሻያ ተጨምሮለታል። የመጀመሪያው ሊቀበል ስላልፈለገ ስድብ ቀረሽ ቃላት ተለዋወጡ። አወያዩ ገብቶ ሁለት ምላሾችን አጠፋ፤ ከዚያም ጠያቂው ጣሪያ ላይ የሚሰቀል ስፒከር እንደሌለውና አትሞስ የጥያቄው አካል እንዳልሆነ አስታወሰ። ትክክል አድርጓል። ከፊት ሁለት ብቻ የሚሰማ ሰው ስለ ጣሪያ ድምፅ ምን ይጠቅመዋል?

21. ጋሼ ተመለሱና ስለ አቀማመጥ ጻፉ። ሰው አምስቱን ስፒከር ቡፌ ላይ በአንድ ረድፍ ደርድሮ ሲያዩ እንደሚያዝኑ ከገለጹ በኋላ፣ የስፒከሮቹን ቦታ ከአድማጩ መቀመጫ ተነሥቶ መወሰን እንደሚገባ መከሩ። አድማጩ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ሲያዞር መካከለኛው ስፒከር በቀጥታ ከፊቱ፣ ግራና ቀኞቹ ከመሐል 30 ዲግሪ ያህል ወጣ ብለው መቆም አለባቸው። የኋላዎቹ ከሶፋው ጎን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከመሐል 110 ዲግሪ አካባቢ፣ ከጆሮ ከፍታ ትንሽ ከፍ ብለው ይቀመጣሉ። ሶፋው ግድግዳ ላይ ተጠግቶ ከሆነ ቢያንስ ክንድ ያህል ወደ ፊት ይሳብ፤ ካልተቻለ የኋላዎቹ በሶፋው ግራና ቀኝ በጎን ይሁኑ።

የስፒከር ገመድ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር መሄዱን ደጋግሞ ማየት እንደሚያስፈልግም አሳሰቡ። አንዱ ስፒከር ከተገለበጠ ድምፅ ይወጣል፤ ግን ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል፣ የተናጋሪው ድምፅም ከመሐል አይመጣም፤ ሰው ለዓመታት ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። ከዚያም የእያንዳንዱን ስፒከር ርቀት በሜትር ለክቶ አምፕሊፋየሩ ውስጥ መጻፍ፤ ድምፅ በሰከንድ ሺህኛ የሚጓዘው 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ቅርብ ያለው እንዲጠብቅ አምፕሊፋየሩ የሚያሰላው በዚህ ነው። ትናንሾቹ ስፒከሮች «ስሞል» ተብለው ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ለሳብዉፈሩ ይተው። እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ ስለማይለየው ሳብዉፈሩ የትም ሊቀመጥ ይችላል፤ ጥሩውን ቦታ ለማግኘት ሳብዉፈሩን ለጊዜው ሶፋው አጠገብ አስቀምጦ፣ ሙዚቃ ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ በግድግዳው ዙሪያ እየሄዱ መስማት፤ ወፍራሙ ድምፅ ጥርት ብሎ በተሰማበት ሥፍራ ሳብዉፈሩን ማስቀመጥ። ይህን ምክር ብዙዎች ለብቻው ገልብጠው እንዳስቀመጡት ከስሩ ጽፈዋል፤ ሊቀመጥ የሚገባው ነው።

22. ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ጎረቤት ዞረ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሳብዉፈር መክፈት በደል ነው ያለች አንዲት እናት፣ ከላይዋ የሚኖር ወጣት በሌሊት ሲጫወት የልጇ አልጋ እንደሚርገበገብ ጻፈች። ቃሏ ከባድ ነበር፤ የሚመልስላትም አልጠፋም። አንዱ የራሱ ቤት ውስጥ ሰው የፈለገውን ያድርግ ብሎ ሲሞግት፣ ሌላው በብሎኬት ግድግዳ የማያልፍ ድምፅ ብዙ ቢሆንም ወፍራሙ ድምፅ ግን ወለሉን ይዞ እንደሚሄድ አስታውሶ ለእናቲቱ ወገነ። ሳብዉፈሩን ወፍራም ስፖንጅ ወይም ጎማ ላይ ማስቀመጥ፣ ከማዕዘን ማራቅ፣ በሌሊት ደግሞ የአምፕሊፋየሩን የሌሊት ሁኔታ መክፈት ብዙውን እንደሚያቃልል መከረ። የሌሊት ሁኔታ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ንግግሩን ከፍ ያደርጋል። እኔ ከእናቲቱ ጋር ነኝ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ሳብዉፈሩን ማጥፋት ከማንም ጨዋታ ምንም አይቀንስም።

23. አንድ ሰው ይህን ሁሉ ጣጣ ትቶ በጆሮ ማዳመጫ መጫወት እንደሚሻል ጻፈ። ፕሌይስቴሽን 5 ከየአቅጣጫው የሚመጣን ድምፅ በተራ ጆሮ ማዳመጫ እንኳን እንዲሰማ የሚያደርግ ሥርዓት በውስጡ ስላለው ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ጠያቂው ግን ፕሌይስቴሽን 4 ያለው፣ ስድስት ስፒከር ቤቱ የገባለት ሰው ነው።

24. ጠያቂው መጨረሻ ላይ የሆነውን ሁሉ ዘረዘረ። ፕሌይስቴሽኑን በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየሩ ሰካው፤ መካከለኛውም የኋላዎቹም ተናገሩ። መኪና በሚነዳበት ጨዋታ ውስጥ ከኋላው የሚመጣው መኪና ግራ ይዞ ሲያልፈው ድምፁ ከኋላ ግራ ወደ ፊት ግራ ሲሻገር መስማቱን በዝርዝር ጻፈ። የብሉሬይ ፊልም ሲያይ ግን ለብቻው ማስተካከል እንዳለበት አወቀ፤ ፊልሙ እየታየ «ኦፕሽንስ» የሚለው ቁልፍ ተጭኖ የድምፁ ዓይነት እዚያ ይመረጣል። ለሳብዉፈሩ ሁለተኛ ትራንስፎርመር ከመርካቶ ገዛ። አንድ ነገር ብቻ ቀረው፦ ሳብዉፈሩ ምንም ሳይከፈት እንኳን እም እያለ ያጉረመርማል።

25 እና 26. ጋሼ ጉርምርምታው የ50 ኸርዝ የመብራት ድምፅ እንደሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከዲሽ በሚመጣው ገመድ በኩል እንደሆነ ገልጸው፣ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ነቅሎ እንዲያዳምጥ አዘዙት። ነቀለው፤ ጉርምርምታው ወዲያው ጠፋ። የዲሹን ገመድ ከመሬት ሽቦ የሚለይ ትንሽ ማገናኛ እንዲፈልግ መከሩት፤ መርካቶ ዞሮ ስላላገኘ ለጊዜው ሲጫወት እየነቀለ፣ ዜና ሲያይ እየሰካ እንደሚጠቀም አሳወቀ። አወያዩም ክሩን በዚህ ዘጋው።